የሰው እጅ የማይደርስበት ሙዚቃ፦ ስለ ጥቅል ወረቀት ፒያኖና ስለ ኮንሎን ናንካሮው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቅል ወረቀት ፒያኖ ምንድን ነው? ወረቀት እንዴት አድርጎ ቁልፍ ይመታል?

ከውጭ ሲያዩት ተራ ፒያኖ ነው፤ ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ከቁልፎቹ በላይ ባለው ክፍት ቦታ የተበሳሳ ጥቅል ወረቀት ይሰቀላል። ወረቀቱ ከላይኛው ጥቅል እየተፈታ፣ በናስ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ፣ ታችኛው መጠቅለያ ላይ ይጠመጠማል። በናሱ ዘንግ ላይ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አንድ ቀዳዳ በተርታ አለ።

ብዙ ሰው አየር በወረቀቱ ቀዳዳ በኩል የሚነፋ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፤ የዚህ ፒያኖ ወናፍ ግን ይስባል። በእግር ፔዳል ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው ትልቁ ወናፍ የፒያኖውን ሆድ አየር እየመጠጠ ያሳሳዋል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጣጠም የክፍሉ አየር ሾልኮ በቱቦ ይገባና ከስስ ቆዳ የተሠራች ትንሽ ከረጢት ያነሳል። ከረጢቷ ቫልቭ ትከፍታለች። ቫልቩ ለዚያ ቁልፍ የተመደበችውን ሚጢጢ ወናፍ ከመምጠጫው ጋር ያገናኛታል፣ ወናፏም ጭምድድ ስትል መዶሻውን ታስወነጭፋለች። ቀዳዳው ሲያልፍ የገባው አየር በጠባብ ማስተንፈሻ ተስቦ ይወጣና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ ባልበለጠ ጊዜ ነው።

የወረቀቱ ስፋት 11 ኢንች ከሩብ፣ ማለትም 28.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 88 ኖታው ጥቅል በአንድ ኢንች ውስጥ 9 ቀዳዳ ይይዛል። አምራቾች በዚህ ልክ የተስማሙት በ1908 በቡፋሎ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ባለ 65 ኖታ ጥቅሎች አዲሱ ዘንግ ላይ አይሠሩም፤ የቀዳዳቸው ርቀት ሌላ ነው።

ለሰው የሚከብደው እንግዲህ ፍጥነቱ ነው?

ፍጥነቱ የሚያስገርመው ክፍል እንጂ ዋናው አይደለም። አቀናባሪው ኮንሎን ናንካሮው ለዚህ ፒያኖ የደረሳቸው ሥራዎች «ጥናት» እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። 25ኛው ጥናት በመጨረሻዎቹ 12 ሰከንዶች 1028 ኖታ ያዘንባል፤ በሰከንድ 86 ገደማ መሆኑ ነው። አሥር ጣት ያለው ሰው ይህን አይችልም። ነገር ግን አራት ፒያኒስት ቢሰለፍና ቢከፋፈለው ሊጠጋው ይችል ይሆናል። ሰውን በእውነት የሚያሸንፈው ሌላ ነገር ነው፦ ብዙ የምት ፍጥነቶችን በአንድ ጊዜ መያዝ።

በ6/8 በሚሄድ የሀገራችን ዘፈን ላይ አንዱ ሁለት ሁለት፣ ሌላው ሦስት ሦስት እያለ ቢያጨበጭብ ብዙም አይቸገሩም። ሁለቱ በየዙሩ ይገናኛሉ፣ ሰውነትም መገናኛውን ያውቀዋል። አራት በአምስት የሠለጠነ ፒያኒስት ይጫወተዋል። 36ኛው ጥናት ግን አራት ድምፆችን በ17፣ በ18፣ በ19 እና በ20 ንጽጽር ያስኬዳል። በ17 እና በ18 መካከል ያለው ልዩነት 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰዎች በዚህ ልዩነት ልጫወት ቢሉ አንዱ ሳያውቀው ወደ ሌላው ይሳባል። አብሮ መሄድ የሙዚቀኛ መልካም ጠባይ ነው፤ እዚህ ግን እንቅፋት ይሆናል። ማሽን ጆሮ የለውም፣ ስለዚህ አይሳብም።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ቀስ በቀስ መፍጠንና መዘግየት ነው። በ27ኛው ጥናት አንድ ድምፅ እንደ ሰዓት ቋሚ ምት ይዞ ይሄዳል፤ በዙሪያው ያሉት ድምፆች በ5፣ በ6፣ በ8 እና በ11 በመቶ ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ። በ21ኛው ደግሞ አንዱ ድምፅ ከዝግታ ተነስቶ ሲከንፍ ሌላው ከክንፈት ተነስቶ እየዘገየ ይሄዳል። መሐል ላይ ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ ይተላለፋሉ። መስመራቸው ወረቀት ላይ ቢሳል የ«ኤክስ» ፊደልን ይመስላል፣ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ።

ናንካሮው ማን ነበር? ለምን ፒያኖውን ትቶ ወደ ወረቀቱ ሄደ?

ኮንሎን ናንካሮው በ1912 በአሜሪካ፣ በአርካንሶ ግዛት በቴክሳርካና ከተማ ተወለደ። መለከት ይነፋ ነበር፣ ጃዝ ይወድ ነበር። በ1937 ወደ ስፔን ሄዶ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች በነበሩበት በአብርሃም ሊንከን ብርጌድ ውስጥ የጄኔራል ፍራንኮን ጦር ተዋጋ። ሲመለስ የአሜሪካ መንግሥት በኮሚኒስትነቱ ምክንያት ፓስፖርት ነፈገው፤ በ1940 ሜክሲኮ ሲቲ ገባና በ1997 እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖረ። ዜግነትም ወሰደ።

ሐሳቡን ያገኘው አሜሪካዊው አቀናባሪ ሄንሪ ካወል በ1930 ካሳተመው የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ነው። ካወል ሰው የማይጫወተው ውስብስብ ምት በጥቅል ወረቀት ላይ በቀላሉ ሊበሳ እንደሚችል ጠቁሞ አልፎ ነበር። ናንካሮው በ1947 ከደረሰው ውርስ ላይ ገንዘብ ይዞ ኒው ዮርክ ሄደ፣ አምፒኮ የተባለውን፣ የድምፁን ጉልበትም ከወረቀቱ የሚያነብ ጥቅል ወረቀት ፒያኖ ገዛ፣ የመብሻ ማሽንም በትእዛዝ አሠራ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሰው ሳያውቀው 50 ገደማ ጥናቶችን ሠራ። ዓለም በወጉ ያወቀው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው። ታዋቂው አቀናባሪ ሊጌቲ ስለ እሱ በየደረሰበት መናገር ጀመረ፣ በ1982ም የማካርተር ሽልማት ተሰጠው።

የመጀመሪያው ነው እንዳይባል፣ ሞዛርት በ1790 እና በ1791 በሰዓት ማሽን ለሚነዳ ኦርጋን ጽፏል፤ ስትራቪንስኪ በ1917 ለፒያኖላ (የጥቅል ወረቀት ፒያኖ ሌላ ስም ነው) ጥናት ደርሷል፤ ሂንደሚት በ1926 ዶናውኤሺንገን ላይ ለሜካኒካል ፒያኖ ያዘጋጀውን አሰምቷል። እድሜውን ሙሉ ለዚህ መሣሪያ የሰጠ ግን ናንካሮው ነው።

«ካኖን 4/5» ሲባል ምን ማለት ነው? እንዴት ይሰላል?

አንድ ዜማ ሁለት ድምፅ ይከፋፈለዋል፤ ዜማው ያው ነው፣ ፍጥነቱ ግን ይለያያል። ትልቁ ጥያቄ የት ይገናኙ የሚለው ነው። ሥሌቱ የሱቅ ሒሳብ ነው።

ዜማው 100 ምት አለው እንበል። የመጀመሪያው ድምፅ በደቂቃ 60 ምት ይሄዳል፤ 100 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለተኛው በ75 ይሄዳል፤ 80 ሰከንድ ይበቃዋል። መጨረሻቸው እንዲገጥም ከተፈለገ ሁለተኛው 20 ሰከንድ ዘግይቶ ይገባል። እያባረረ መጥቶ በመጨረሻው ምት ላይ ይደርስበታል። መሐል ላይ እንዲገናኙ ከተፈለገስ? 50ኛው ምት ለመጀመሪያው 50ኛው ሰከንድ ላይ ነው፤ ሁለተኛው እዚያ ለመድረስ 40 ሰከንድ ስለሚፈልግ 10 ሰከንድ ዘግይቶ ይገባል፣ ከተገናኙም በኋላ ቀድሞት ሄዶ፣ ለመጀመሪያው ገና 10 ሰከንድ ሲቀረው ይጨርሳል።

አድማጭ ቁጥሩን አይሰማም። የሚሰማው ርቀቱ እየጠበበ ሲመጣ ነው፦ መጀመሪያ ሩቅ የገደል ማሚቶ፣ ከዚያ ቅርብ፣ ከዚያ የተንተባተበ ነገር፣ ከዚያ አንድ። የናንካሮው ካኖኖች ድራማ ያለው እዚያ መጥበብ ላይ ነው። ንጽጽሩ ብቻውን ሙዚቃ አይሆንም። ሶፍትዌር ላይ የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ንጽጽሩን ያወሳስቡና መገናኛውን ይረሱታል፣ ያኔ ውጤቱ ጫጫታ ብቻ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ሩቅ የተሄደው በ37ኛው ጥናት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ድምፅ፣ አሥራ ሁለት ፍጥነት፣ ከ150 እስከ 281 ከሩብ። የፍጥነቶቹ ርቀት የአሥራ ሁለቱን የሙዚቃ ደረጃዎች ንጽጽር የተከተለ ነው።

ፓይና ካሬ ሥርም አሉ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። 33ኛው ጥናት የ2 ካሬ ሥርን ከ2 ጋር፣ 40ኛው «ኢ» የተባለውን የሒሳብ ቁጥር (2.718 ገደማ) ከፓይ (3.142 ገደማ) ጋር ያነጻጽራል። የ33ኛው ንጽጽር በሙሉ ቁጥሮች ስለማይገለጽ ሁለቱ ምቶች አንዴ ከተገናኙ በኋላ በትክክል ዳግም አይገጥሙም፤ የ40ኛውም እንዲሁ እንደሆነ ይታመናል። በተግባር ወረቀት ላይ ሁሉም ቁጥር ይጠጋጋል፤ ጆሮም 0.865ን ከእውነተኛው የ«ኢ» እና የፓይ ንጽጽር አይለየውም። የሐሳብ ጨዋታ ነው፣ ያማረ ጨዋታ።

ወረቀቱ የሚበሳው እንዴት ነው? የት ይበላሻል?

ፍጥነቱ በጥቅሉ ላይ በቁጥር ይጻፋል። «70» ካለ ወረቀቱ በደቂቃ 7 ጫማ ይጓዛል ማለት ነው። ይህም በሰከንድ 35.6 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሙዚቃ 35 ጫማ፣ ማለትም 10.7 ሜትር ወረቀት ይበላል።

ከዚህ ሁሉም ነገር ይወጣል። በዚህ ፍጥነት 1 ሚሊ ሜትር ስህተት 28 ሚሊሰከንድ ነው፤ ጥሩ ጆሮ ይይዘዋል። ወረቀቱ ፈጥኖ እንዲሄድ ተደርጎ ቢበሳ፣ ለምሳሌ በ110፣ ያው 1 ሚሊ ሜትር ወደ 18 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ስለዚህ ጥራት የሚፈልግ ሰው ወረቀት አይሰስትም፣ ፈጣን ፍጥነት ይመርጣል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ባዶው ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የየድምፁ ምት በእርሳስ መስመር ይለካል፣ ኖታ ገና አይገባም። ቀጥሎ ኖታዎቹ የት እንደሚወድቁ ይጻፋል። ከዚያ ብቻ መብሻው ይነሳል፣ አንድ በአንድ። ረጅም ድምፅ አንድ ረጅም ቀዳዳ ሳይሆን የተቀራረቡ ትናንሽ ቀዳዳዎች ሰንሰለት ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል። ያው ኖታ ሲደገም ግን በመካከል በቂ ያልተበሳ ወረቀት መቅረት አለበት፤ ካልቀረ ቫልቩ ለመዘጋት ጊዜ አያገኝምና ሁለቱ ምቶች አንድ ይሆናሉ። በስህተት የተበሳ በስስ ወረቀት ይለጠፋል፤ ወፍራም ልጣፍ ዘንጉ ላይ አየር ያሾልካል።

የናንካሮው የመጀመሪያ ማሽን በጥርስ በጥርስ የሚራመድ ነበር፤ ቀዳዳ የሚውለው በተወሰኑ ርቀቶች ላይ ብቻ ነው። ይህ ቀስ ብሎ ለሚፈጥን ምት አይመችም፣ ምክንያቱም ርቀቱ በየኖታው በጥቂቱ መቀነስ አለበት። በኋላ ማሽኑን አሻሽሎ በፈለገበት ነጥብ መብሳት ቻለ። ፍጥነታቸው የሚለዋወጥ ጥናቶች የተወለዱት ከዚያ ማሻሻያ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሙዚቃ ወራት ይሠራ ነበር።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ታችኛው መጠቅለያ ወረቀት በጠመጠመ ቁጥር ይወፍራል። በተወሰነ ዙር ሲሽከረከር ወረቀቱን ይበልጥ ይስባል፣ ስለዚህ ሙዚቃው እየፈጠነ ይሄዳል። በሳዩ ይህን አስቦ ወደ መጨረሻው ርቀቱን በጥቂቱ መለጠጥ አለበት።

ድምፁ ለምን ጠጣር፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ሆነ?

ሆን ተብሎ ነው። የፒያኖ መዶሻ ከላይ በሱፍ ተለብዷል፤ ለስላሳ ነው። በሰከንድ ብዙ ኖታ ሲወርድ ሱፉ ድምፁን ያደበዝዝና ሁሉም ይቀላቀላል። ናንካሮው ሁለት ቋሚ አምፒኮ ፒያኖዎች ነበሩት፣ መዶሻዎቻቸውንም በቆዳና በብረት አጠንክሯቸው ነበር። ተራ ፒያኖ ላይ ሥራዎቹ ሲጫወቱ ያማሩ ይመስላሉ፣ ነገር ግን መስመሩ ይጠፋል። በእኛ አስተያየት ጠጣሩ ድምፅ የሥራው አካል ነው።

ማሽኑ ራሱ የማይችለው ነገር አለ?

አለ፣ ብዙ። «ማሽን ሁሉን ይችላል» የሚል አስተሳሰብ እዚህ አያስኬድም።

አንደኛው መደጋገም ነው። አንድን ቁልፍ በተከታታይ ስንመታ መዶሻው መመለስ አለበት። ቋሚ ፒያኖ በሰከንድ ከ7 ጊዜ ገደማ በላይ ያው ኖታ አይመታም፤ አግዳሚው ፒያኖ ወደ 15 ይደርሳል። ስለዚህ በሰከንድ 86 ኖታ የሚሆነው በተለያዩ ቁልፎች ላይ ሲሰራጭ ብቻ ነው። የናንካሮው ነጎድጓዶች ከታች ወደ ላይ የሚተኮሱ አርፔጂዮዎች (ተራ በተራ በፍጥነት የሚመቱ የተለያዩ ኖታዎች) የሆኑት በዚህም ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ጉልበት ነው። አምፒኮ ቁልፎቹን ዝቅተኛና ከፍተኛ ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ እያንዳንዱ ግማሽ በአንድ ቅጽበት አንድ ጉልበት ብቻ አለው። በአንድ ግማሽ ውስጥ አንዱን ኖታ አጉልቶ ሌላውን ማሳነስ ከፈለጉ ብልሃቱ ጎላ የሚለውን ከሌሎቹ በጥቂት ሚሊሰከንድ ማስቀደም ወይም ማዘግየት ነው፤ በመካከሉ የጉልበቱ ቀዳዳ ይለወጣል። ጉልበቱን የሚያዙት ቀዳዳዎች የወረቀቱን ዳርና ዳር ስለያዙ አምፒኮ ከ88ቱ ኖታ የሚጫወተው 83ቱን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ብዙ ኖታ በአንዴ ሲመታ ብዙ ወናፍ ይከፈታል፣ መሳቡም ለቅጽበት ይወድቃል። ከትልቅ ኮርድ ቀጥሎ የሚመጣው ኖታ ከሚገባው በላይ ልፍስፍስ ካለ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ወናፉ ላይ ነው።

አራተኛው ሁለት ፒያኖ ማጣመር ነው። ሁለቱ ሞተሮች ፈጽሞ እኩል አይሄዱም። አሜሪካዊው አቀናባሪ ጆርጅ አንታይል በ1924 ለጻፈው ባለ 16 ፒያኖላ ሥራ ማጣመሪያ አጥቶ በ1926 ፓሪስ ላይ በአንድ ፒያኖላ አሰማው። በመጀመሪያው ሐሳቡ መሠረት በ16 ማሽን የቀረበው በ1999፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ ፒያኖዎች ነው።

ዛሬ ኮምፒውተርና ዲስክላቪየር እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?

ለመሥራት አያስፈልግም። ዲስክላቪየር በኮምፒውተር ትእዛዝ ቁልፎቹን ራሱ የሚመታ ፒያኖ ነው። በሶፍትዌር የሚሞክር ሰው ግን ጥቂት ወጥመዶችን ይወቅ።

አብዛኛው ፕሮግራም ለሙሉው ሥራ አንድ ፍጥነት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ሁለተኛውን ድምፅ ለማዘጋጀት የመጀመሪያውን ይቅዱ፣ ርዝመቱን ወደ 80 በመቶ ያሳጥሩ (4/5 ከሆነ)፣ ከዚያ መጨረሻው እስኪገጥም ይግፉት። ኖታዎችን ወደ ምት የሚያስጠጋውን ተግባር ያጥፉ፤ አንድ ጊዜ ከነኩት የተለፋበት ሁሉ ይፈርሳል። የጊዜ ጥራቱን በአንድ ምት 960 እርምጃ ላይ ያድርጉ፤ በደቂቃ 60 ምት ሲሄድ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሁለቱ ድምፆች ያንኑ ቁልፍ የሚጋሩ ከሆነ የአንዱ ማብቂያ የሌላውን ድምፅ ይቆርጣል፤ አንዱን በኦክታቭ ያርቁት። በእውነተኛ አግዳሚ ፒያኖ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቁልፍ ሁለት ምቶች መካከል ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ይተዉ፤ በቋሚው ከ140 በላይ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተርና የሙዚቃ መሣሪያ ትእዛዝ በሚለዋወጡበት በሚዲ ገመድ በቀጥታ ሲላክ እያንዳንዱ ኖታ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ባለ 20 ኖታ ኮርድ 20 ሚሊሰከንድ ተዘርግቶ ይደርሳል፤ ኮርድ መሆኑ ይቀርና ይንሸራተታል። መፍትሔው ፋይሉን በፒያኖው በራሱ ማህደር ላይ ጭኖ ከዚያ ማስጀመር ነው። ዲስክላቪየር ከውጭ የሚመጣን ትእዛዝ በግማሽ ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ቀስ ብሎ የሚነሳ መዶሻ ክሩ ጋ ለመድረስ 100 ሚሊሰከንድ ሊበልጥ ይችላል፣ ጠንካራው ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፤ ሁለቱ በሰዓቱ እንዲገጥሙ ፒያኖው አስቀድሞ ያሰላል።

ሰው ተጫውቶት አያውቅም?

ጥቂቶቹን ተጫውቷል። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቶማስ አዴስ 6ኛውንና 7ኛውን ለሁለት ፒያኖ አዘጋጅቷል፤ አሜሪካዊው ፒያኒስት ኢቫር ሚካሾፍ ብዙዎቹን ለአነስተኛ ኦርኬስትራ ገልብጧል። ናንካሮው ራሱ በኋላ ዘመኑ ለሰዎች መጻፍ ተመለሰ፤ በ1987 አርዲቲ ኳርቴት ለተባለው የአራት ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ቡድን የጻፈው ሦስተኛው የሕብረ ክር ሥራ በ3፣ 4፣ 5 እና 6 ንጽጽር የሚሄድ ካኖን ነው፣ አራቱም ሰዎች ናቸው። ትናንት የማይቻል የነበረው ዛሬ በልምምድ ይደፈራል። 25ኛውን ግን የሚደፍር አላየንም።

ከየትኛው ልጀምር?

ከ3ኛው፤ ቡጊ ዉጊ የተባለው የጃዝ ዘመዱ የፒያኖ ስልት ስለሆነ ጆሮ በቶሎ ይይዘዋል። ከዚያ 21ኛው፣ ምክንያቱም ምን እየሆነ እንዳለ ያለ ማብራሪያ ይሰማል። 37ኛውን ለኋላ ያቆዩት። ኖታዎቹና ጥቅሎቹ ያሉት በስዊዘርላንድ ባዝል በሚገኘው በፓውል ዛኸር ተቋም ነው።

ያረጀ ጥቅል ወረቀት ፒያኖ አገኘሁ፤ ልግዛው?

በመጀመሪያ የዘንጉን ቀዳዳዎች በሙሉ በፕላስተር ይሸፍኑና ያስነሱት። ፔዳሉ ወዲያው እየከበደ ከመጣ ወናፉ ጤነኛ ነው። እንደ ባዶ ከረጢት ቀላል ከሆነ ጨርቁ ተሰንጥቋል፤ ወናፉ ሙሉ በሙሉ አዲስ ጨርቅ መልበስ ይኖርበታል፣ ያም ከግዢው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ኖታ ብቻ ካልሠራ ቱቦው ውስጥ የወረቀት ብናኝ ገብቷል፣ በትንሽ መምጠጫ ይጸዳል። አንድ ኖታ ሳይቆም ከጮኸ ቱቦው ወልቋል ወይም ቫልቩ ላይ ቆሻሻ አለ። የጎማ ቱቦዎቹ ሲጫኑ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰበሩ ሁሉም ይቀየራሉ፣ አንድ በአንድ መጠገን ጊዜ ማባከን ነው።

የእንጨት ክፍሎቹን ሲያጣብቁ ነጭ የአናጺ ኮላ አይጠቀሙ። የእንስሳ ቆዳ ሙጫ በሙቀት ይላቀቃል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው እንጨቱን ሳይሰብር ይከፍተዋል። ነጭ ኮላ የገባበት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ተፈልጦ ነው የሚወጣው።

ኤሌክትሪክ ያለው የአሜሪካ ሥሪት ከሆነ ሞተሩ የተሠራው ለ110 ቮልት አካባቢ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ከሰኩት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ግድ ነው። የፍሪኩዌንሲውም ልዩነት አለ፦ በ60 ኸርትዝ የተሠራ ተለዋዋጭ ጅረት ሞተር በ50 ላይ በዝግታ ይዞራል፣ መሳቡም በዚያው ልክ ይደክማል፤ የመዘውሩን ልክ መለወጥ ያስፈልጋል።

የአየሩ ርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ወረቀቱ በስፋቱ ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹም ከዘንጉ ያፈነግጣሉ፤ ጎረቤት ኖታ አብሮ መጮህ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በበጋ ደግሞ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ጥቅሉን ከማድ ቤትና ከመስኮት አርቀው፣ በሳጥኑ ውስጥ አጋድመው ያስቀምጡት፤ አቁመው ካስቀመጡት ጠርዙ ይጎዳል፣ ጠርዙ የተጎዳ ወረቀትም ቀጥ ብሎ አይሄድም።